ከአዳማ እስከ ኮልካታ፦ የአጥቂው ፍቅሩ ተፈራ መንገድ

የቀድሞዎቹ አጥቂዎቻችን ከአገር ሳይወጡ ነው ታላቅ የሆኑት። መንግሥቱ ወርቁ ከጎንደር መጥቶ የቅዱስ ጊዮርጊስን ማሊያ ለበሰ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ የመጨረሻዋን ግብ ያስቆጠረው እሱ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ በድምሩ 10 ግብ አለው። እንዲህ ያለ አጥቂ ዛሬ ቢነሳ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሻንጣውን ያዘጋጅ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ወኪል የሚባል ሰው አይታወቅም፣ ቪዲዮ ቀርጾ የሚልክ የለም፣ የአውሮፓ ክለቦችም ተጫዋች ፍለጋ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ብቅ አይሉም። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከአገር ለመውጣት የመውጫ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ የነበረችው ጠባብ በር እንኳ ተዘጋች። ለውድድር ወጥተው እዚያው የቀሩ ነበሩ። እነሱ ግን የሄዱት ኑሮ ሊጀምሩ እንጂ በኳስ ሊያድሩ አልነበረም።

በዚህ ጽሑፍ የምተርከው ያ በር ከተከፈተ በኋላ ስለወጣ አንድ አጥቂ ነው። ስሙ ፍቅሩ ተፈራ ለሜሳ ነው። በውጭ አገር ዘጋቢዎች ዘንድ ፍቅሩ፣ ፍቅሩ ተፈራ ወይም ለሜሳ እየተባለ ይጠራል። ሦስት አህጉር ላይ ተጫውቷል። በአንድ ታላቅ አገር አዲስ ሊግ ሲጀመር የመጀመሪያዋን ግብ ያስቆጠረው እሱ ነው። ሆኖም እኛ ዘንድ ስለ አጥቂዎቻችን ጨዋታ ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ዘግይቶ ነው። ይህ ተገቢ አይመስለኝም። ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፍቅሩ በ1978 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። ኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከታየች፣ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ከተሰናበተች፣ አራት ዓመት አልፎ ነበር። እሱ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ከአገር ወጥቶ ብዙ ክለብ እስኪያዳርስ ድረስ ብሔራዊ ቡድናችን ወደዚያ መድረክ አልተመለሰም። ይህን ሳናስብ የእሱን መንገድ መረዳት አይቻልም። አንድ ተጫዋች በውጭ ሰው ዓይን የሚገባው ብዙ ጊዜ በብሔራዊ ቡድን ማሊያ በትልቅ ውድድር ላይ ሲታይ ነው። ካሜሩናዊው፣ ናይጄሪያዊው፣ ጋናዊው አጥቂ ይህ መስኮት በየሁለት ዓመቱ ይከፈትለታል። ለእኛዎቹ ከ30 ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆየ። ስለዚህ ፍቅሩ በራሱ ግብ፣ በራሱ ትውውቅ፣ በራሱ እግር መሄድ ነበረበት።

ኳሱን በአዳማ ከተማ ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለፈ። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ክለብ ለአገራችን ተጫዋች የመጨረሻው ጣሪያ ነበር። እዚያ የደረሰ ልጅ ከዚያ በላይ የሚመኘው ብሔራዊ ቡድንን ብቻ ነው። ፍቅሩ በገባበት ዘመን ግን ፈረሰኞቹ የሚባለውን ይህን ክለብ የሚያሠለጥነው ሚሉቲን ስሬዶዬቪች፣ ሰው ሁሉ ሚቾ ብሎ የሚጠራው ሰርቢያዊ ነበር። ሚቾ ከኡጋንዳው ቪላ መጥቶ ጊዮርጊስን ያዘ። ክለቡ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ አከታትሎ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ሚቾ የደቡብ አፍሪካውን ኦርላንዶ ፓይሬትስ ለማሠልጠን ሄደ። ፍቅሩም ወደዚያው ክለብ ተሻገረ።

የተጫዋች ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እንዲህ ነው። ጆሃንስበርግ ያለ የክለብ ኃላፊ የአዲስ አበባን ሊግ አይከታተልም። ልጁ ምን ያህል እንደሚሮጥ፣ በጭንቅላት ምን ያህል እንደሚገጭ፣ ተከላካይ ሲጎትተው ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው በየቀኑ ልምምድ ላይ ያየው ሰው ብቻ ነው። አሠልጣኙ ድንበር ሲሻገር ያ ዕውቀት አብሮት ይሻገራል። ስለ አገራችን ተጫዋቾች ወደ ውጭ መውጣት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ክህሎትን ብቻ ቢያወራ ግማሹን ትቷል። የሚያውቅህ ሰው የት ነው ያለው የሚለው ጥያቄ የዚያኑ ያህል ይመዝናል።

ኦርላንዶ ፓይሬትስ ቀላል ክለብ አይደለም። የሶዌቶ ልጆች ያቆሙት፣ የራስ ቅልና የተመሳቀሉ ሁለት አጥንቶች በዓርማው ላይ ያሉት፣ በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካ የክለቦች ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነው። ከካይዘር ቺፍስ ጋር ሲገናኝ አገሩ ለሁለት ይከፈላል። ሚቾ በያዘው ዓመት ቡድኑ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ከአዲስ አበባ ስታዲየም ወጥቶ እዚህ መሐል የገባ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው አጥቂ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። ቋንቋው ሌላ፣ ፍጥነቱ ሌላ፣ የደጋፊው ትዕግሥት ደግሞ በጣም አጭር ነው። የውጭ አጥቂ ሦስት ጨዋታ ካላስቆጠረ ሌላ አጥቂ ይፈለጋል።

ቀጥሎ ወደ ፕሪቶሪያው ሱፐርስፖርት ዩናይትድ አለፈ። ይህ ክለብ የሶዌቶዎቹን ያህል ደጋፊ አልነበረውም፤ ሥራው ግን ሥርዓት ያለው ነበር። በጋቪን ሃንት አሠልጣኝነት ከ2000 እስከ 2002 ዓ.ም. ሦስት ዓመት በተከታታይ የደቡብ አፍሪካ ሻምፒዮን ሆነ። ፍቅሩ የዚያ ዘመን ሱፐርስፖርት ሰው ነው። በደቡብ አፍሪካ ኳስ ስሙ የተተከለው በዚህ ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የትም ሄዶ ሲመለስ የሚያውቁት ክለቦች የተገኙትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ከደቡብ አፍሪካ ወደ አውሮፓ ዘለለ። የሄደው ወደ ቼክ ሪፐብሊኩ ምላዳ ቦሌስላቭ ነው። ከተማዋ የሽኮዳ መኪና ፋብሪካ መቀመጫ ናት። ክለቡም በአገሪቱ ትልቁ ሊግ የሚጫወት ነበር። እዚያ ብዙ አልቆየም፤ በብዛትም አላስቆጠረም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ሜዳ ተነሥቶ በአውሮፓ ከፍተኛ ሊግ ማሊያ መልበስ ራሱ ለእኛ ብርቅ ነበር። ነገራችንን ለማያያዝ ያህል፣ ቆይቶ በዚያው አገር ሊግ ውስጥ ሌላ የሐበሻ ስም ገነነ። ከኢትዮጵያዊ ሐኪም አባት ትሬቢች ከተማ የተወለደው ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ከስሎቫን ሊቤሬትስ ጋር በ2004 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ዋንጫ ለቼክ ተሰለፈ፤ ከዚያም ወደ ጀርመኑ ቬርደር ብሬመን ሄደ። ቴዎዶር የዚያው አገር ልጅ ነው፤ መንገዱ ከልጅነቱ ጀምሮ በአካዳሚና በሥርዓት የተጠረገ ነበር። ፍቅሩ ግን ከውጭ የመጣ ሠራተኛ ነው፤ ውሉ ሲያልቅ የመኖሪያ ፈቃዱም ያልቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ይህን የምጽፈው በደቡብ ወሎ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ነው። አርዲቦ ከታላቁ የሐይቅ ውኃ ከፍ ብሎ በተራሮች መሐል የተቀመጠ ነው። ትርፉ በአንካርካ ወንዝ አድርጎ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል። የእኛ አካባቢ ሰው መሄድን ያውቃል። ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦ፣ ከአምባሰል ያልተሰደደ ሰው ያለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። አንዱ በአፋር በረሃ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከዚያም በባሕር የመን ተሻግሮ ሳውዲ ይገባል፤ ሌላዋ በኮንትራት ቤሩት ወይም ሪያድ ትሄዳለች። ከደላላ ጋር የሚደረገው ንግግር፣ የውሉ ማጠር፣ አሠሪው ካልወደደህ ወደ ሌላ ቤት መዛወር፣ ብር የሚላክበት ወር፣ የማይላክበት ወር፣ ይህ ሁሉ እዚህ የዕለት ወሬ ነው። ለዚህ ነው የፍቅሩን የክለቦች ዝርዝር ሳነብ የስፖርት ዜና ብቻ የማይመስለኝ። እሱም የጉልበቱንና የእግሩን ሥራ ይዞ ውል ካለበት ወደ ውል ካለበት የሚሄድ ስደተኛ ሠራተኛ ነው። ልዩነቱ ወረቀቱ የተሟላ መሆኑና ሥራውን በሺዎች ፊት የሚሠራ መሆኑ ነው። ሺዎች ፊት መሥራት ደግሞ የራሱ ጭንቅ አለው። የወደቀ ቀን አይደበቅም።

ብዙ ክለብ የቀያየረ ተጫዋችን አንዳንድ ሰው አይረጋም ብሎ ይንቃል። እኔ እንዲህ አላየውም። ተከላካይ ወይም ግብ ጠባቂ አንድ ቦታ ቢቀመጥ ይጠቀማል፤ ከጓደኞቹ ጋር ይላመዳል፤ የሊጉን አጥቂዎች ጠባይ ያጠናል። አጥቂ ግን የሚከፈለው ለግብ ነው፤ በተለይ ከውጭ የመጣ አጥቂ። በየአገሩ የውጭ ተጫዋች ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ክለቡ ያንን ውድ ቦታ የሚሰጠው ግብ ያገባልኛል ብሎ ላመነው ሰው ነው። ግቡ ሲቀር ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ከአገር ወደ አገር መዞር በዚህ ሙያ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን የሥራው ሥርዓት ነው። አሥር ዓመት ያህል በዚህ ዓይነት ገበያ ውስጥ ሳይወድቁ መቆየት ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል።

ከቼክ መልስ እንደገና ደቡብ አፍሪካ፣ ከዚያ ደግሞ ቬትናም። ከሃኖይ በስተደቡብ ያለው የታን ሆዋ ክፍለ ሀገር ክለብ አስፈረመው። የቬትናም ሊግ ግብ የሚጠብቀው በአብዛኛው ከውጭ ከሚመጡ ኃይለኛ አጥቂዎች ነው፤ አፍሪካውያንና ብራዚላውያን እዚያ ሞልተዋል። ሙቀቱና ወበቁ ከአዲስ አበባ አየር ጋር አይገናኝም። ስለዚያ ዘመኑ አገር ቤት የተወራ ነገር እምብዛም የለም። በእኛ የስፖርት ፕሮግራሞች የእንግሊዝ ሊግ ሦስተኛ ተቀያሪ ጉዳት ሲተነተን፣ የገዛ አጥቂያችን ሩቅ ምሥራቅ ላይ ቅዳሜና እሑድ ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ አልነበረም።

ቀጥሎ በፍሪ ስቴት ስታርስ ተጫወተ። ክለቡ ቤተልሔም በምትባል የደቡብ አፍሪካ መካከለኛ ከተማ የሚገኝ ሲሆን፣ ከሶዌቶ ጩኸት የራቀ ነው። ከዚያም የጆሃንስበርጉን ቢድቬስት ዊትስ ማሊያ ለበሰ። ሱፐርስፖርትን ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገው ጋቪን ሃንት በ2005 ዓ.ም. ክረምት ዊትስን ይዞ ነበር።

በዚያው 2005 ዓ.ም. አገር ቤት ነገሩ ሁሉ ተለዋወጠ። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የተመሩት የብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎች ዓመቱ ሊገባ ሲል ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈው መጡ፤ ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አስቆጥረው 2 ለ 0 አሸነፉ። ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩ ግቦች ብልጫ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩይት ተደረገ፤ ቀኑ ጥር 13 ነበር። መንግሥቱና ጓደኞቹ ዋንጫውን ያነሱበት ዕለት፣ ልክ በ51ኛ ዓመቱ። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፤ በአሥር ሰው እየተጫወትን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። እዚህ ሐይቅ ከተማ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የነበረውን ጩኸት ያልሰማ የለም። ስታዲየሙን ቢጫና አረንጓዴ ያለበሱት ደግሞ እዚያው ደቡብ አፍሪካ የሚነግዱ፣ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ፍቅሩ ለዓመታት ግብ ሲፈልግባት የኖረባት አገር ያን ሰሞን የእኛ ሜዳ ሆነች። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ብንወጣም ለዚያ ሁሉ ዘመን የተዘጋው መስኮት ተከፈተ። ሳላዲን ሰይድ ቀድሞውንም ግብጽ ገብቶ ነበር፤ በዋዲ ደግላ ተጫውቶ በኋላ ወደ አል አህሊ፣ ከዚያም ወደ አልጄሪያው ሙሉዲያ አልጀር ይሄዳል። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ያስቆጠረው ጌታነህ ከበደም በዚያው ክረምት ከደደቢት ወደ ዊትስ አመራ። ፍቅሩ ብቻውን የጀመረው መንገድ ላይ ሰው በዛ።

ከዚህ በኋላ ነው የታሪኩ እምብርት የሚመጣው።

በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ህንድ አዲስ የእግር ኳስ ሊግ ጀመረች። በክሪኬት ያበደች አገር ናትና፣ ሕዝቡን ወደ ኳስ ለመሳብ ገንዘብም ዝናም ፈሰሰ። የክለቦቹ ባለድርሻ የክሪኬትና የፊልም ኮከቦች ነበሩ፤ ለየቡድኑም የታወቀ አንጋፋ ተጫዋች ተፈለገ። ዴል ፒዬሮ ለዴልሂ፣ አኔልካ ለሙምባይ፣ ትሬዜጌ ለፑኔ፣ ፒሬስ ለጎዋ ፈረሙ። ስምንት ቡድን፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለ አጭር ውድድር፣ በየጨዋታው እስከ ስድስት የውጭ ተጫዋች። የኮልካታው ቡድን አትሌቲኮ ዴ ኮልካታ ይባላል፤ ከባለድርሻዎቹ መሐል የቤንጋል ልጅ የሆነው የቀድሞው የክሪኬት አምበል ሶውራቭ ጋንጉሊና የስፔኑ አትሌቲኮ ማድሪድ ነበሩ። አሠልጣኙ አንቶኒዮ ሎፔዝ ሃባስ፣ ታዋቂው ተጫዋች የሊቨርፑሉ ሉዊስ ጋርሲያ። የፊት መሥመሩን ደግሞ ለፍቅሩ ተፈራ ሰጡት።

ኮልካታ ለኳስ እንግዳ አይደለችም፤ ይልቁንም የህንድ እግር ኳስ እናት ናት። ሞሁን ባጋን የተባለው ክለቧ በ1903 ዓ.ም. ከአንድ ተጫዋች በስተቀር ባዶ እግሩን የተጫወተ ቡድን አሰልፎ የእንግሊዝን የጦር ሠራዊት ቡድን በዋንጫ ፍጻሜ አሸንፏል። ይህ ድል በህንድ የነጻነት ትዝታ ውስጥ እስከ ዛሬ ይነሳል። ሞሁን ባጋንና ኢስት ቤንጋል ሲገናኙ በ1989 ዓ.ም. አንዴ 131 ሺህ ሰው ያህል ስታዲየም ገብቷል። አፍሪካዊ አጥቂም ብርቋ አይደለም። ናይጄሪያዊው ቺማ ኦኮሪ ከፍቅሩ ከሁለትና ሦስት አሥርት ዓመታት በፊት የዚያችን ከተማ ተከላካዮች ሲያስጨንቅ ኖሯል። ከዚያም ወደ ኋላ ከሄድን ኮልካታ ያለችበትን ቤንጋልን ከ500 ዓመት በፊት ለጥቂት ዓመታት የገዙ ሐበሾች ነበሩ። ከአፍሪካ ቀንድ በባርነት ተወስደው በጦር ሠራዊት ያደጉና ዙፋን የያዙ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ሰይፉዲን ፊሩዝ ሻህ፣ በጋውር ያቆመው ማማ ዛሬም አለ። ፍቅሩ ወደ ኮልካታ ሲሄድ ይህን ያውቅ አይወቅ አላውቅም። እኔ ግን ሳስበው ልቤ ይሞቃል።

ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ የሊጉ መክፈቻ፣ የሶልት ሌክ ስታዲየም። ኮልካታ ከሙምባይ። በትሪቡኑ 65 ሺህ ያህል ሰው፣ በየቤቱ ደግሞ በቴሌቪዥን የሚከታተል ስንት ሚሊዮን ሕዝብ። በ27ኛው ደቂቃ ኳሷ ፍቅሩ ጋ ደረሰች። ተቆጣጠራት፤ ከግብ ክልሉ ወጣ ብሎ የቆመውን ግብ ጠባቂ ሱብራታ ፓልን በአናቱ ላይ አሳለፋትና መረብ ላይ አረፈች። ከዚያ ሮጦ በአየር ላይ ተገለበጠ። የዓለም ዋንጫ ያነሱ፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ያነሱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሊግ የመጀመሪያዋን ግብ በስሙ ያጻፈው አዳማ ከተማ ኳስ የጀመረው ልጅ ሆነ። ቦርሃ ፈርናንዴዝና አርናል ጨምረው ጨዋታው 3 ለ 0 አለቀ። ያ መገለባበጥ የኮልካታ ሕፃናት በየሠፈሩ የሚሞክሩት ነገር ሆነ።

በሁለተኛው ጨዋታም ጓሃቲ ላይ አስቆጠረ። አራተኛው ግን ሌላ ነገር አመጣ። ከጎዋ ጋር በተደረገው ጨዋታ ቁጣው አመለጠው፤ ከተቃራኒ ተከላካይ ጋር ተጋጭቶ በጭንቅላቱ መታው ተብሎ ሁለት ጨዋታ ታገደ። በዚያው ጨዋታ በተፈጠረ ግርግር አሠልጣኙ ሃባስና የጎዋው ሮበርት ፒሬስም ተቀጥተዋል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። የአጥቂ ኑሮ ከተከላካይ ጋር በመጋፋት ያልፋል፤ ግን ግንባርን ለኳስ እንጂ ለሰው ማዋል ጥፋት ነው፣ ቡድኑንም ጎድቷል። ከቅጣት ተመልሶ እንደገና አስቆጠረ፤ በውድድሩ አምስት ግብ አገባ።

ቡድኑ ከ14 ጨዋታ ያሸነፈው አራቱን ብቻ ነው፤ ሰባቱን አቻ ወጥቶ ሦስተኛ ሆኖ አለፈ። በግማሽ ፍጻሜው ከጎዋ ጋር በሁለቱም ጨዋታ ግብ አልተገባም፤ በመለያ ምት 4 ለ 2 አሸነፈ። ታኅሣሥ 11 ቀን ሙምባይ አጠገብ በተደረገው ፍጻሜ በጭማሪ ደቂቃ መሐመድ ራፊቅ በጭንቅላት ገጭቶ በኬራላ ላይ አንድ አስቆጠረና ኮልካታ የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን ሆነች። ፍቅሩ ሜዳው ላይ አልነበረም። የውድድሩን የመጀመሪያ ግብ ያስቆጠረው ሰው የመጨረሻው ግብ ሲገባ ከቡድኑ ጋር አለመኖሩ ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነው ቦታ ነው። ውሉም ለቀጣዩ ዓመት አልታደሰም።

በ2008 ዓ.ም. ቼናይ ወሰደችው። የክለቡ ስም ቼናይን ነው፤ አሠልጣኙ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ከዚዳን ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው ማርኮ ማቴራዚ። ዋናው ግብ አግቢ ኮሎምቢያዊው ስቲቨን ሜንዶዛ ስለነበር ፍቅሩ እንደ ኮልካታው ዘመን የፊት መሥመሩ ብቸኛ ተስፋ አልነበረም። ውድድሩ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ቼናይ ከተማን ታላቅ ጎርፍ መታት፤ መንገዶች ተዘጉ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ፣ ብዙ ሰው ሞተ። ክለቡም የግማሽ ፍጻሜውን የሜዳ ጨዋታ ወደ ፑኔ አዛወረ። ተጋጣሚው ማን ሆኖ መጣ? አትሌቲኮ ዴ ኮልካታ።

ፑኔ ላይ ቼናይን 3 ለ 0 አሸነፈ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የመልሱ ጨዋታ እዚያው ሶልት ሌክ ላይ ሆነ። ኮልካታ በደያን ሌኪች አንድ አገባች። በ87ኛው ደቂቃ ካናዳዊው ኢየን ሂዩም ሁለተኛውን ጨመረ። በድምር 3 ለ 2። አንድ ግብ ብትገኝ ተጨማሪ ሰዓት ነው፤ ስታዲየሙ በእግሩ ቆሟል። የኮልካታ ተጫዋቾች ሁሉ ወደ ፊት ነቅለው ወጥተዋል፤ ከኋላቸው ሜዳው ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ለአጥቂ የተሠራ ነው፤ ኳሷም የደረሰችው ፍቅሩ ጋ ነው። አስቆጠረ። 4 ለ 2፤ አለቀ። ከአንድ ዓመት በፊት ስሙን ሲዘምር የነበረ ደጋፊ ፊት፣ በዚያው ሣር ላይ፣ የቀድሞ ክለቡን ተስፋ የቆረጠው እሱ ሆነ።

ታኅሣሥ 10 ቀን ጎዋ ላይ በተደረገው ፍጻሜ ቼናይን በጎዋ 2 ለ 1 እየተመራ 90ኛው ደቂቃ ደርሶ በጎዋው ግብ ጠባቂ ስህተትና በሜንዶዛ የመጨረሻ ደቂቃ ግብ 3 ለ 2 አሸነፈ። ፍቅሩ በሁለት ተከታታይ ዓመት ሻምፒዮን በሆኑ ሁለት ክለቦች ውስጥ የተጫወተ ሰው ሆነ።

እኔ በበኩሌ የእሱን ሥራ ከግቡ ቁጥር በላይ የማየው ከኋላው ከመጡት ጋር ነው። ጌታነህ ከበደ ከደቡብ አፍሪካ ተመልሶ በ2009 ዓ.ም. ለደደቢት በአንድ የውድድር ዘመን 25 ግብ አገባ፤ ያ የሊጉ ክብረ ወሰን ሆነ። ያን ክብረ ወሰን በ2013 ዓ.ም. የሰበረው የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነው፤ 29 ግብ። በቀጣዩ ዓመት ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወደ ፕሪቶሪያ ወሰደው፤ ሱፐርስፖርት ወደነበረባት፣ ፍቅሩ ከዓመታት በፊት ወደሠራባት ከተማ። አቡበከር ሲሄድ ነገሩ ሌላ ነበር። ዝውውሩ ከመፈጸሙ ወራት በፊት በቴሌቪዥን ታወጀ፣ ግቦቹ በየስልኩ ተላለፉ፣ ደጋፊው ስንብት አዘጋጀለት፣ የደቡብ አፍሪካ ጋዜጦችም ገና ሳይደርስ ስለ እሱ ጻፉ። ከዚያ ጉዳት ደጋግሞ ያዘው፤ ከሜዳ የራቀበት ጊዜ ከተጫወተበት በለጠ።

እዚህ አርዲቦ ዳርም ልጆቹ ድንጋይ ጎል አድርገው ሲጫወቱ ሁሉም አጥቂ መሆን ነው የሚፈልጉት። ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ የተባሉት ክለቦች ቅርብ ናቸው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ቀጥላ ትመጣለች። የአቡበከርን ስም ሁሉም ያውቀዋል። የፍቅሩን የሚያውቀው ኳስ በዲኤስቲቪ ቤት ያደገው ታላቅ ወንድማቸው ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው ያን በአየር ላይ መገለባበጥ ነው።